ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያደርሱ የዝግጅት ፕሮግራሞች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አሜሪካ ላሉ ልጆቻችን ስለ ጥርስ ሕክምና ትምህርት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እኔ በዚሁ መንገድ አልፌ ዛሬ በጥርስ ሐኪምነት እሠራለሁ፤ የሚያመለክቱ ልጆችንም አግዛለሁ። ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ፦ ጎበዝ ልጆቻችን ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች የሚሰሙት የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ያ እንዲቀር ስለምፈልግ ያለ ድብቅ እመልሳለሁ።

ጥ፦ ልጄ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ናት። እነዚህ ፕሮግራሞች ለእኛም ናቸው? ለጥቁር አሜሪካውያን ብቻ መስለውኝ ነበር። (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ለእናንተም ናቸው። ከአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ውስጥ ጥቁሮቹ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከሕዝቡ ግን 13 በመቶ ያህል ናቸው። ፕሮግራሞቹ የተጀመሩት ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መመዘኛ እንዳያደርጉ ወስኗል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ስለ ቤተሰብ ገቢ፣ ስላደጉበት ሰፈርና ስለ ወላጅ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። አባቷ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ካለው፣ ዛሬ ታክሲ ቢነዳም፣ አብዛኛውን ጊዜ «ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ» በሚለው አትመደብም። በገቢ በኩል ግን ልትገባ ትችላለች። የየፕሮግራሙን መመዘኛ አንብባ እውነቱን ትሙላ።

ፍርድ ቤቱ ተማሪዋ ስለ ራሷ ሕይወት እንዳትጽፍ አልከለከለም። በልጅነቷ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለእናቷ ስታስተረጉም ያደገች ልጅ ያንን ትጻፍ። «ይነቀል ወይስ ይታከም?» የሚለውን ጥያቄ በአስር ዓመቷ ወደ አማርኛ የመለሰች ልጅ ስለ ሙያው የምትለው አላት።

ጥ፦ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ልጠብቅ? (ወጣት፣ አሌክሳንድሪያ)

አትጠብቅ! ትልቁ ስህተት እሱ ነው። በጣም የታወቀው የሰመር ፕሮግራም ኤስኤችፒኢፒ (SHPEP፣ የጤና ሙያዎች የሰመር ትምህርት ፕሮግራም) ይባላል። በ1988 ለሕክምና ተማሪዎች ተጀምሮ በኋላ ጥርስ ሕክምናን የጨመረ ነው። የተዘጋጀው ለኮሌጅ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነው። ሦስተኛ ዓመት ስትገባ በሩ ይዘጋል። ስድስት ሳምንት ነው፤ ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ነፃ ነው፤ የኪስ ገንዘብም ይሰጣል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪም ይቀበላል።

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና ሲያትል ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሲያስተናግዱት ከቆዩት ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ያሉት የእኛ ሰው በብዛት ባለባቸው ከተሞች ነው። አስተናጋጆቹ ስለሚለዋወጡ ግን የዘንድሮውን ዝርዝር አስቀድመህ እይ። የሚመዘገበው በአሜሪካው የክረምት ብርድ፣ ሁሉም ስለ ፈተና በሚጨነቅበት ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ መፈለግ ጀምር።

ጥ፦ እዚያ ምን ይሠራሉ? ሰመሩን ሠርታ ገንዘብ ብታገኝ አይሻልም? (አባት፣ ሲያትል)

የገንዘቡ ነገር ይገባኛል። ቤት ኪራይ የሚያግዝ ልጅ ስድስት ሳምንት መጥፋቱ ቀላል አይደለም። ግን የሚያገኙትን ልንገርዎት። ጠዋት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አለ። ከሰዓት ላብራቶሪ ገብተው ሰም ይሰጣቸዋል። በትንሽ ቢላ የመንጋጋ ጥርስ ይቀርፃሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ድንች የመሰለ ነገር ነው። አስተማሪው አጠገባቸው ቆሞ ጉብታውን፣ ሸለቆውን እያሳየ ያርማቸዋል። ልጅቷ እጇ ሥራውን ይወደው እንደሆነ የምታውቀው ያኔ ነው። አራት ዓመትና ብዙ ብር ከማፍሰስ በፊት ይህን ማወቅ ከሰመር ደመወዝ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሌላው ሰው ማወቅ ነው። በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላት እነዚያ አስተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥ፦ ዲግሪዬን ጨረስኩ፤ ጂፒኤዬ (የኮሌጅ አማካይ ውጤቴ) 2.8 ነው። አበቃልኝ? (ዳላስ)

አላበቃም። ግን የማጽናኛ ቃል ብቻ አልሰጥህም። የጥርስ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ፣ ኤኤድሳስ (AADSAS) የሚሉት፣ ደግመህ የወሰድከውን ኮርስ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። ስለዚህ የድሮውን ኤፍ ማጥፋት አይቻልም። የሚሻለው ከበድ ያሉ አዳዲስ የሳይንስ ኮርሶች ወስደህ ኤ ማምጣት ነው። መሻሻልህ በግልጽ ይታያል።

ከዲግሪ በኋላ የሚሰጡ የዝግጅት ፕሮግራሞች የተሠሩት እንዳንተ ላለው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤስኤፍ፣ ለዓመታት ሲያካሂድ ቆይቷል። አንተው ከተማ ውስጥም የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጥርስ ኮሌጅ አለ፤ ለተማሪዎች ዝግጅት በመሥራት የታወቀ ነው። ደውልና የቅበላ ቢሮውን አነጋግር። ከእነሱ አፍ የሰማኸው ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ጥ፦ ዲኤቲ (DAT፣ የጥርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ላይ ፊዚክስ አለ?

የለም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ንባብ፣ ሂሳብ፣ እና ቅርፅን በዓይነ ሕሊና የማየት ፈተና ነው። ልጆቻችንን የሚያስደነግጠው የመጨረሻው ነው። ለምሳሌ ወረቀት ታጥፎ ይበሳል፤ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ትጠየቃለህ። በልምምድ የሚመጣ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥራ።

ከማርች 2025 ጀምሮ ውጤቱ ከ200 እስከ 600 ሆኗል። በድሮው አቆጣጠር ከ30 የሚቆጥር መጽሐፍ ካለህ ጥያቄዎቹ ይጠቅሙሃል፣ ነጥቡን ግን እርሳው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተንና ገንዘብ ያጠረው ሰው የክፍያውን ግማሽ የሚያስቀር ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ለቀደመ ስለሆነ ጃንዋሪ ላይ አመልክት።

ጥ፦ ብድሩ አስፈራኝ። (ሚኒያፖሊስ)

ሊያስፈራሽ ይገባል። ተመራቂዎች በአማካይ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን ለውጦታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ለዚህ ትምህርት መውሰድ አይችልም። የብዙ ትምህርት ቤቶች ወጪ ከዚያ ያልፋል። የቀረውን ከግል ባንክ መበደር ለእኛ ቤተሰቦች ከባድ ነው፤ አብሮ የሚፈርም ዋስ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጪ ከስሙ በፊት ዋጋውን እዪ። የክፍለ ሀገርሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቅደም። ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮርፕስ የሚባለው ስኮላርሺፕ ሙሉ ክፍያ ይሸፍናል፤ በምትኩ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት ታገለግያለሽ። ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ላይ ካለሽና ጊዜሽ ከደረሰ፣ የዜግነት ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አትበይ።

ጥ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነበርኩ። ለእኔ የሚሆን አለ? (ቨርጂኒያ)

ዶክተር፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ለእርስዎ አይደሉም፤ መንገድዎ ሌላ ነው። አይኤንቢዲኢ (INBDE) የሚባለውን የጥርስ ሐኪሞች ብሔራዊ ፈተና አልፈው፣ የትምህርት ማስረጃዎን አስገምግመው፣ ካፒድ (CAAPID) በሚባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል ለውጭ ምሩቃን ክፍል ያመለክታሉ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ብዙ ቦታ የእጅ ፈተና አለ፤ የፕላስቲክ ጥርስ በመሰርሰሪያ ያዘጋጃሉ። እጅዎ ሥራ ፈቶ ከሆነ እስከዚያው በረዳትነት ክሊኒክ ይግቡ። ማስረጃዎን ከኢትዮጵያ ማስላክ ጊዜ ይበላል፤ ከሁሉ በፊት እሱን ይጀምሩ።

ጥ፦ አንድም ጥርስ ሐኪም አላውቅም። ሻዶው የማደርገው ማንን ነው?

ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሐኪም ጎን ቆመሽ ያየሽበትን ሰዓት ይጠይቃሉ። 100 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የራስሽን ጥርስ ሐኪም ጠይቂ። ከዚያ በሰፈርሽ ያለውን ማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ። ስትደውዪ «ሻዶው ማድረግ እፈልጋለሁ» ብቻ አትበይ፤ ስምሽን፣ ትምህርት ቤትሽን፣ የምትችዪባቸውን ሁለት ቀኖች ንገሪያቸው። አማርኛ መቻልሽንም ጨምሪ፤ ክሊኒኮች አስተርጓሚ ይቸገራሉ። እምቢ ካሉሽ ወደ ሌላው ደውዪ። ሰዓቱንና ያየሽውን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ማመልከቻው ሜይ ላይ ሲከፈት ከዚያ ነው የምትገለብጪው።