መልስ፦ ማሽኑ ዝም ብሎ የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ አዲሱ የብረት መፈለጊያህ ፒያሳ ግቢያችሁ ውስጥ ያለማቋረጥ ይጮሃል ብለሃል። ማሽኑ የተበላሸ አይመስለኝም። መሃል ከተማ መሬቱ ቆርኪና ምስማር ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱም ይረብሸዋል። መጀመሪያ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ምልክት የመያዝ አቅሙን፣ ቀንስ። ከዚያ ግራውንድ ባላንሱን፣ ማለትም ማሽኑን ከአፈሩ ጋር የሚያለማምደውን ማስተካከያ፣ አስተካክል፤ ቀይ አፈር ራሱ ብረት አለበት።

ለፍለጋ አትቸኩል፣ በቅድሚያ ጆሮህን አስለምድ። ቆርኪ፣ ምስማርና የተለያየ ሳንቲም መሬት ላይ ደርድርና ኮይሉን (ከማሽኑ ጫፍ ያለውን ክብ መፈለጊያ) ከላያቸው አመላልስ። ከዘመድ ጠገራ ብር ከተዋስክማ እሰየው! ጠገራዋ ማርያ ትሬዛ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከ80 በመቶ በላይዋ ንጹሕ ብር ነው። በየትኛውም በኩል ብትመጣባት በማሽኑ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥሯ ከፍ ብሎ ይረጋል፣ ድምጿም ጥርት ያለ ነው። ቆርኪ ላይ ግን አቅጣጫ ቀይረህ ስትመጣ ቁጥሩ ይዘላል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ይቺን ልዩነት ከያዝክ ትልቁን ሥራ ጨረስክ። ቀጥሎ ተራ ሳንቲሞቹን ስንዝር ያህል ቀብረህ ድገመው።

ዲስክሪሚኔሽኑን፣ ማለትም የማትፈልገውን ብረት ዝም የሚያሰኘውን ማስተካከያ፣ አታብዛው። ምስማሩን ዝም ስታሰኝ አጠገቡ ያለው ሳንቲምም አብሮ ሊያመልጥህ ይችላል።

አደራ፣ ቤተ ክርስቲያንና ታሪካዊ ቦታ አጠገብ እንዳትሞክረው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው።