ሦስቱ ቀን እና የጎረቤቴ ቡና

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለ አብርሃም ሶርያዊ የምንጾመው ሦስት ቀን፣ ሙስሊም ንጉሥ ክርስቲያኖችን ስላሳደደ የመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የቅርብ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ድግስ ሲኖራት የጾም ወጥ ለብቻ ትሠራልኛለች። እነዚያን ቀናት እየጾምኩ ከእሷ ጋር ቡና ስጠጣ የአባቶችን መከራ የረሳሁ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ታሪኩን እንየው። ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ 44 ቀን ነው። አርባው የነቢያት፣ አንዱ የጋድ (የልደት ዋዜማ)፣ ሦስቱ ደግሞ አንቺ ያልሻቸው ናቸው።

አብርሃም ሶርያዊ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበሩ አባት ናቸው። ያኔ ግብፅን የሚገዛው ፋጢማውያን የሚባለው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ፣ አል ሙዒዝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንደምትተርከው አንድ ሹም ነገር ሠራባቸው። «ወንጌላቸው የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል እምነት ያለው ተራራ ያነሣል ይላል፤ እስቲ ያሳዩን» አለ። ኸሊፋውም ተራራውን አንሡ፣ አለዚያ ሰይፍ ይጠብቃችኋል አላቸው። አባታችን ሕዝቡን ይዘው ሦስት ቀን ጾሙ፣ አለቀሱ።

ለጸሎታቸው መልስ ሆኖ የተሰጣቸው አንድ ዓይና ጫማ ሰፊ ነው፤ ስምዖን። ማለዳ ያገኙት ውኃ ተሸክሞ ሲሄድ ነው። ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት መውጣት ለማይችሉ በሽተኞችና አረጋውያን ውኃ ያመላልስ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ስምዖን ማንም እንዳያውቀው ለምኖ ከፓትርያርኩ ኋላ ሕዝቡ መካከል ቆመ። «ኪርያላይሶን» እያሉ ሲሰግዱ በካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጠም ተራራ ተነሣ። ስምዖንን ግን ከዚያ በኋላ ፈልገው አላገኙትም። ኸሊፋውም የፈረሰውን የቅዱስ መርቆሬዎስን ቤተ ክርስቲያን እንዲሠሩ ፈቀደላቸው።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ያስፈራራውም የፈቀደውም አንድ ሰው ነው። የልጅ ልጁ አል ሓኪም ሲነግሥ ነገሩ ከፋ። እ.ኤ.አ. በ1009 በኢየሩሳሌም የጌታችንን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ። የግብፅ ክርስቲያኖች አምስት ረጥል የሚመዝን የእንጨት መስቀል አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉ አዘዘ፤ ከሁለት ኪሎ በላይ ማለት ነው። ያን ተሸክመሽ ገበያ ስትወርጂ፣ ልጅ ስታጠቢ አስቢው። ቅብጦችን፣ ማለትም የግብፅ ክርስቲያኖችን፣ «ሰማያዊ አጥንት» የሚያሰኛቸው ያኔ የበለዘው አንገታቸው ነው ይባላል። አይሁድም ምልክት እንዲያደርጉ ታዘዋል፤ መከራው የእኛ ብቻ አልነበረም። ይኸው ሰው በመጨረሻው ዘመኑ በግድ የሰለሙት ወደ ሃይማኖታቸው እንዲመለሱ ፈቀደ።

በኋላ ግብፅን በገዙት በማምሉኮች ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ክርስቲያኑ ሰማያዊ፣ አይሁዱ ቢጫ ጥምጥም እንዲያደርግ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1321 በአንድ ሰሞን ወደ 60 የሚጠጉ አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ። እ.ኤ.አ. በ1354 የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወረሰ። ሰይፍ ካስካዳቸው ይልቅ ሙስሊም ባልሆነው ላይ የሚጣለው ጂዝያ የሚባል ግብር፣ ውርደቱና ከሥራ መባረሩ ቀስ በቀስ ያስካዳቸው የበዙ ይመስለኛል። ልጆቹ የሚበሉት ያጣ አባት ነው እኮ። የእንጦንስ ገዳሙ አባ ማርቆስ እንዲህ የካዱትን ተጸጽተው ሲመጡ በንስሐ ይቀበላቸው ነበር።

ወሬው አገራችንም ደርሷል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን ዓባይን እገድባለሁ ብለው ካይሮ መልእክተኛ ልከዋል፤ ሱልጣኑ አልደነገጠም። ግንቦት 21 የምናከብረው የደብረ ምጥማቅ በዓል ታሪክም ከዚያው ይመዘዛል። ግብፅ ያለው ገዳም መፍረሱን ሲሰሙ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አልቅሰው በተጉለት ደብረ ምጥማቅን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1443 ካይሮ በደረሰው ደብዳቤያቸው በእኔ አገር ሙስሊሞች ጂዝያ አይከፍሉም፣ በሰላም ይኖራሉ ብለው ሱልጣኑን ሞግተዋል።

አንቺ ወሎ ስለሆንሽ ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ከቤትሽ ብዙም ሳይርቅ፣ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ብለው አዘዋል። በቀን ክርስቲያን፣ በማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። የጎረቤትሽ ቅድመ አያቶች ይህን አይተው ሊሆን ይችላል። የቅብጦቹን መከራ ስንተርክ ይህን ከዘለልን ዋሽተናል።

ስለዚህ አልረሳሽም። የአል ሓኪምን ዕዳ እሷ አትከፍልም፣ የቦሩ ሜዳውንም አንቺ አትከፍይም። ሦስቱ ቀን የተሰጠን ለጸሎትና ለዕንባ ነው። ሙስሊምን መራቅ የሚል ሥርዓት የለውም። የስምዖንን ነገር ማድረግ ከወደድሽ በሰፈርሽ ውኃ መቅዳት ያቃታት አሮጊት አትጠፋም፤ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም አትጠይቂያት።

ቡናውን በተመለከተ፣ ከቻልሽ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጊው። ጎረቤትሽን «ጾም ላይ ነኝ፣ ማታ ማታ እንጠጣ» በያት። ጾም ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ረመዳንን ትጾም የለ? ሕመም ካለብሽ ግን ሰዓቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።