12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ጠይቁኝ

ዛሬ ማታ ነፃ ነኝ። የከበዳችሁን ጣሉ፣ እስከቻልኩ እመልሳለሁ። «ፎርሙላውን ላክልን» ለሚል ግን መልስ የለኝም፤ ፎርሙላው መጽሐፋችሁ ላይ አለ። ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ስህተት፣ በቃል የተያዘ ፎርሙላ የማይሠራበት ቦታ ተለጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሞልን ዲፊኒሽን በቃሌ እችለዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

መልስ፦ የቡና ሲኒ አምጣና 54 ሚሊ ሊትር ውኃ አድርግበት። 54 ግራም ነው። አንድ ሞል ውኃ 18 ግራም ስለሚመዝን 3 ሞል ይዘሃል፤ አንድ ሞል 6.02 × 10²³ ስለሆነ፣ ሲቆጠር 1.8 × 10²⁴ ሞለኪውል ገደማ። ሞል እንደ ደርዘን መቁጠሪያ ነው። አንድ ደርዘን እንቁላልና አንድ ደርዘን ብርቱካን ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ክብደታቸው ግን ለየቅል። 1 ሞል ሃይድሮጂን ጋዝ 2 ግራም፣ 1 ሞል ኦክስጂን ጋዝ ደግሞ 32 ግራም የሚሆነው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ 22.4 ሊትር የሚባለው ለጋዝ ብቻ፣ ያውም በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ነው። የሲኒህን ውኃ ለ22.4 የሚያካፍል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት (ቀድሞ የሚያልቀው) ላይ ሁሌ ግራምዋ ያነሰችውን እመርጣለሁ። አንዳንዴ ትክክል ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም።

መልስ፦ ትክክል የሆንሽበት ጊዜ ነው የጎዳሽ። ግራም አታወዳድሪ፤ መጀመሪያ ወደ ሞል ቀይሪ፣ ከዚያ በተመጣጠነው እኩልታ ላይ ከፊቱ ባለው ቁጥር አካፍይ። 28 ግራም ናይትሮጅንና 3 ግራም ሃይድሮጂን አሞኒያ ይሠራሉ እንበል። ናይትሮጅኑ 1 ሞል፣ ሃይድሮጂኑ 1.5 ሞል ነው። በሞል ካየሽው ሃይድሮጂን በለጠ። ግን ለ1 ናይትሮጅን 3 ሃይድሮጂን ያስፈልጋል፤ 1.5 ለ3 ሲካፈል 0.5፣ 1 ለ1 ሲካፈል 1። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጂን ነው። የሚወጣው አሞኒያ 1 ሞል፣ ማለትም 17 ግራም ይሆናል፤ 14 ግራም ናይትሮጅን ሳይነካ ይተርፋል። ደምሪው፦ 17 እና 14፣ 31። የጀመርሽበትም 31 ነበር። ይህን ድምር ሳታዪ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አትለፊ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው ያለነው። እናቴ ንፍሮ ስትቀቅል ከሰል ያልቅባታል፤ ቆላ ያለችው አክስቴ ግን ቶሎ ይበስልላታል። ፈተና ላይ ይመጣል?

መልስ፦ ይመጣል፣ ንፍሮ የሚለው ቃል ብቻ ይቀራል። ውኃ የሚፈላው የራሱ የእንፋሎት ግፊት ከውጭ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ውኃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ባቄላው የሚበስለው በሙቀቱ እንጂ በፍልቀልቁ አይደለም፤ እናትሽ 91 ዲግሪ ላይ ስትቀቅል አክስትሽ ከዚያ በላይ ላይ ናት። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር ውኃውን በፍጥነት ያተነዋል፣ ሙቀቱን ግን አንድ ዲግሪ አይጨምረውም። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚያሳድግ፣ ደጋም ላይ ቢሆን ውኃው ከ110 ዲግሪ ያልፋል። «ጨው ብንጨምርስ?» ለምትሉ፦ 1 ኪሎ ውኃ ላይ 58.5 ግራም ጨው ብትጨምሩ የመፍያ ነጥቡ 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ያንን ንፍሮ የሚበላ ካለ ጥሩኝ።

ጥያቄ፦ የ10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 8 ነው አይደል?

መልስ፦ እኔም ተማሪ ሳለሁ 8ን አጥቁሬ ወጥቻለሁ። ውጭ ጓደኛዬ «አሲድ አቅጥነህ ቤዝ አደረግከው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት፤ ፒኤች ከ7 በላይ ማለት ቤዝ ነው። ንጹሕ ውኃ ራሱ 10⁻⁷ ሞላር ሃይድሮጂን አዮን አለው፤ አሲዱ ከዚያ በአሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሰሉ ፒኤቹ 6.98 ገደማ ይወጣል። ፎርሙላው አልዋሸም፣ ውኃውን ረስተነው ነው።

ጥያቄ፦ ካታሊስት ኢኩሊብሪየምን ወደ ቀኝ ይገፋል?

መልስ፦ አይገፋም። ሪአክሽኑን ወደ ሚዛኑ ቶሎ ያደርሳል፣ የሚዛኑን ቦታ አይቀይርም።

ጥያቄ፦ ለልጄ ብዬ ነው የምጠይቀው። ሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ሞተር ሳስነሳ የፊት መብራቱ የሚደበዝዘው ለምንድን ነው? ልጄ «ይህ እኛ የምንማረው ነው» ብሎ ማስረዳት አቃተው።

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፣ ጋሼ። ባትሪው ውስጡ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፤ 0.02 ኦም እንበል። ማስነሻው ሞተር 100 አምፒር ቢስብ፣ 100 በ0.02 ሲባዛ 2 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል። ከ12 ቮልት ለመብራቱ የሚደርሰው 10 ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ማስነሻው ያን ሁሉ ከረንት መሳብ ያቆምና መብራቱ ይመለሳል። ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ የበለጠ ይደበዝዛል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ልጅዎ ፈተና ላይ «ኢኤምኤፍ» (12ቱ ቮልት) እና «ቴርሚናል ቮልቴጅ» (የሚደርሰው 10) የሚሉትን ሲያይ የእርስዎን መኪና ያስብ።

ጥያቄ፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው?

መልስ፦ ዜሮ የሚሆነው ቬሎሲቲው ነው። አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ኳሱ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ሊፍት ላይ ሁሌ ምልክት ይምታታብኛል። መቼ ነው የምደምረው፣ መቼ ነው የምቀንሰው?

መልስ፦ ሊፍቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ እርሳው፤ አክስለሬሽኑ ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠይቅ። 60 ኪሎ ነህ፣ የቆምከው ሚዛን ላይ ነው፣ የስበት አክስለሬሽኑን 10 እንውሰድ። ሊፍቱ ወደ ላይ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲነሳ ሚዛኑ 60 × (10 + 2)፣ 720 ኒውተን ያነባል። በእኩል ፍጥነት ሲወጣ 600። አሁን ያንተ ተራ፦ ወደ ላይ እየወጣ፣ ሊቆም ሲል በዚያው በ2 ፍጥነቱን ቢቀንስስ?

ጥያቄ፦ ወደ ላይ ስለሆነ 720... ቆይ፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ ከሆነ አክስለሬሽኑ ወደ ታች ነው። 480?

መልስ፦ 480።

ጥያቄ፦ ገመዱ ቢበጠስስ?

መልስ፦ ሚዛኑ ዜሮ ያነባል። መሬት ግን አሁንም በ600 ኒውተን እየሳበችህ ነው።