ኮፈን ከመግዛትህ በፊት የቮልስህን አፍንጫ እይ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት የ1964 ቮልስ አለችኝ። የኮፈኗን ጫፍ ዝገት በልቶታል። ሶማሌ ተራ ከ1973 ቮልስ የወረደ ኮፈን ተገኝቶልኛል። ሻጩ የቮልስ ኮፈን ሁሉም አንድ ነው ይላል። ልግዛው? ራሴ ልግጠመውስ?»

ወንድሜ፣ ቀብድ ካልከፈልክ ተወው። ሁሉም አንድ አይደለም።

ቮልስ ላያት ሰው ዕድሜ ልኳን ያልተለወጠች ትመስላለች። ኮፈኗ ግን በትንሹ አራት ዓይነት ነው። እስከ 1967 አጋማሽ የተሠሩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኮፈናቸው ረጅም ነው፣ ወደ ፓራውልቱ (ወደ ፊት መከላከያው) ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ አጠረ፤ የጎደለውን ከታች ያለው ላሜራ ሞላው። ከ1970 ጀምሮ የመጣችው 1302 የምትባለው ሞዴል ደግሞ ሰፋ ያለ የራሷ ኮፈን አላት። የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለው 1303 ሞዴልም እንዲሁ የራሷ። የ1973ቱ ኮፈን ከየትኛዋ ቢወርድ ያንተዋን አይሆናትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሊብሬው 1964 ስላለ ብቻ አትመን። እነዚህ መኪኖች ስንቴ ተጋጭተው ስንቴ እንደተጠገኑ እግዜር ይወቀው። ፊቷ በሙሉ በኋለኛው ዘመን ላሜራ የተቀየረ ቮልስ አለ። የፊት መብራቷን እይ። የመብራቱ መስታወት ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ላሜራ) ጋር ወደ ኋላ ዘንበል ካለ የድሮው ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከ1967 ወዲህ ነው። በዚህም አትጨርስ፣ ፓራፋንጎ ለብቻው ይቀየራል። የድሮውን ኮፈን ካርቶን ላይ አጋድመህ ዙሪያውን ሥለህ ቁረጥ። ገበያ ስትሄድ ካርቶኑን ያዝ። ሻጩ ያሻውን ይበል፣ ካርቶኑ አይዋሽም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እኔ ያልተመታ ኦሪጅናል ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ። አሁን የሚሠሩት አብዛኞቹ ላሜራቸው ሳሳ ይላል፤ ጠርዛቸውም ብዙ ማስተካከል ይፈልጋል። ያገለገለ ስትገዛ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስኪደው። ካልያዘ ከቀለሙ ስር ስቱኮ ተሞልቷል። ከዚያ ገልብጠው። ዝገት የሚጀምረው ውጪኛው ላሜራ በውስጠኛው ላይ ከሚታጠፍበት ጠርዝ ነው፤ ውሃ እዚያ ይተኛል። ማጠፊያው የሚታሰርበትንም ቦታ እይ። ማጠፊያ ዘይት ሳያገኝ ደርቆ ሲቆይ በጉልበት የሚከፈተው ኮፈን እዚያ ላይ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል።

ራስህ ትገጥመዋለህ፣ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉም በፊት ኮፈኑ የሚዘጋውን አፍ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለካ፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ልኩ የሚለያይ ከሆነ የተጣመመው የመኪናዋ አካል ነው። ያኔ ኮፈን መቀየር ትርፉ ድካም ነው፣ መጀመሪያ ላሜራ ሠሪ ያስፈልግሃል። ብየዳ ወይም ግራይንደር ከመጣ ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ይውረድ። እዚያው ኮፈኑ ስር እንዳለ አትርሳ። ባዶ ነው ብለህም አትዘናጋ፤ የቤንዚኑ ትነት ከቤንዚኑ ይብሳል።

ልኩ ደህና ከሆነ የድሮውን ማጠፊያ ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግና ኮፈኑን አውርድ። መስታወቱ ስር ያለውን ቀለም ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሰው፤ የኮፈኑ ማዕዘን አንዴ ካረፈበት ይቧጥጠዋል። አዲሱን ስታስር ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ያዝ አድርጋቸው። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ኮፈኑ ይንሸራሸራል። መጀመሪያ በመስታወቱ በኩል ያለውን ክፍተት አስተካክል፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን፣ ከዚያ አጥብቅ። ይህ ሁሉ ቀለም ሳይቀባ ነው። ቀብቶ መግጠም ሁለቴ መቀባት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ላይ ደረስን። ኮፈኑን አትዝጋው! ከውስጥ ገመዱን ሳብና ታች ያለው ቁልፍ መልቀቁን እይ። ከለቀቀ ጥሩ ነው፤ ካልለቀቀ ግን ኮፈኑ ክፍት እያለ ማወቅህ በጀህ። ዘግተኸው ቢሆን ኖሮ ለመክፈት ቀንህ ያልቅ ነበር። ኮፈኑ ላይ ያለው ዘንግ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ሳትደበድበው በእጅ ጫን ስትለው «ቀጭ» እስኪል አስተካክለውና ዳዶውን አጥብቅ። ሁለተኛው (የመጠባበቂያው) መንጠቆ መያዙንም አረጋግጥ። የቮልስ ኮፈን የሚታጠፈው በመስታወቱ በኩል ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ቁልፉ ቢለቅ ንፋሱ አንስቶ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ መንገድ አታይም።

ቀለሙን እዚያው ኮምቦልቻ አስቀባ። እኛ ጋ ደሴ ጉሙ ሲወርድ ቀለም እንደልብ አይደርቅም። ውስጡም አንቲረስት ይቀባ፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ ግን እንዳይደፈኑ። የኮፈኑን ዙሪያ ማሸጊያ ጎማ በአዲስ ቀይረው። አዲስ ጎማ ወፍራም ስለሆነ ኮፈኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ የመቆለፊያውን ዘንግ እንደገና ትንሽ መንካት ሊኖርብህ ነው። በድሮው ጎማ ልለፍ ካልክ የሐምሌ ዝናብ ገብቶ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ኤሌክትሪክ ያርሰዋል።