«3+ የሚለው ደረጃ ሦስት ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ «ኸር-2፣ 3+» ይላል። ቤት ውስጥ «ደረጃ ሦስት ደርሷል» ተብሎ ተላቅሰናል። አክስቴ ደግሞ «መርፌ የነካው ይዛመታል» ትላለች። ምን ይሻለናል?
ኤ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እባካችሁ ለቅሶውን ተዉት። 3+ የበሽታው ደረጃ አይደለም። ይህን የሚያምታታ ሰው በየሳምንቱ ያጋጥመኛል፣ የተማረውም ጭምር። ናሙናው ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን በህዋሶቹ ዙሪያ ምን ያህል እንደበዛ የሚሰጥ ነጥብ ነው። ከ0 ተነስቶ 3+ ላይ ያበቃል። ደረጃው የሚታወቀው በእብጠቱ መጠን፣ እንዲሁም ብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶችና ወደ ሌላ አካል በመድረሱ ነው። 3+ ሆና ደረጃ አንድ ላይ ያለች ሴት አለች። መርፌውም በሽታውን አያዛምተውም፤ ለአክስትዎ በአክብሮት ይንገሩልኝ።

ኸር-2 ጤነኛ ህዋስ ላይም አለ። «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። እንደ እህትዎ ባለው ካንሰር ግን ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሲበዛ እርስ በርሱ ይጣመራል። ከዚያ ማንም ሳይደውልለት ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ ሃሎ» እንደሚል ሰው ይሆናል። ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ይህን እየተቀባበሉ ህዋሱን ያባዙታል፤ መሞት ሲገባው እንዳይሞት ያደርጉታል፤ ከጎረቤቶቹ ተላቆ እንዲጓዝም ያግዙታል። ወደ አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል የሚሄደው እንዲህ እየሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ የኸር-2 ጂን የበዛባቸው ሴቶች ላይ በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽ አሳዩ። በ1998 ደግሞ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት፣ ብዙዎች ሄርሴፕቲን የሚሉት፣ እዚያው አሜሪካ ተፈቀደ። ፕሮቲኑ ላይ ተለጥፎ ያንን «ሃሎ» ያፍነዋል። ክፉ የነበረው ውጤት ዛሬ ዒላማው የታወቀ ሆኗል ማለት ነው። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ይህ ዓይነቱ ያለባቸው ከ15 እስከ 20 ቢሆኑ ነው፤ ለሌሎቹ መድኃኒቱ አይታዘዝም።

በሽታው ካልተሰራጨ አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞ ጋር ተጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ይሰጣል። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በየመሃሉ የልብ አልትራሳውንድ ትነሳ። ዋጋው ይከብዳል። ሐኪሟን ባዮሲሚላር የሚባለው ረከስ ያለው ዓይነት ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሆርሞን ምርመራዋ ውጤትም ምን እንደሚል እንዳይረሱ።