ጥያቄና መልስ፦ ቀንድ፣ እበትና አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን

ባለፈው ኩሌ ደ ሴራን ስለሚባል የፈረንሳይ «ድራይ» ነጭ ወይን ሁለት መስመር ብጽፍ ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄ ዘነበ። የቻልኩትን እነሆ።

ከሰኞ ገበያ፦ ፈሳሽ ነገር እንዴት «ድራይ» ይባላል?

ጣፋጭ አይደለም ማለት ነው። የፍሬውን ስኳር እርሾው በልቶ አልኮል አድርጎታል። በሊትር የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ግራም አይበልጥም። ጠጅ የለመደ አፍ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል።

ፍሪጅ የለኝም፣ ወይኑን በምን ላቀዝቅዘው?

ደሴ ነዎት አይደል? መስኮት ላይ ያስቀምጡት።

ባዮዳይናሚክ ከሆነ ራስ አያምም አሉ፤ እውነት ነው?

ውሸት ነው። ባዮዳይናሚክ የአስተራረስ ዘዴ ነው፤ ከታች የማወራው የቀንድና የእበት ነገር ማለት ነው። አልኮሉ ያው አልኮል ነው።

ከመናፈሻ አካባቢ አንድ ወጣት፦ አጎቱ የዚህን ወይን ጠርሙስ ከፈረንሳይ ይዞ መጣ። ገበሬው የላም ቀንድ በእበት ሞልቶ እንደሚቀብርም አወራ። እናቱ ደንግጠው ጠርሙሱን ከቤት አስወጡት። ጥንቆላ ነው ወይ ይላል።

ጥንቆላ አይደለም በላቸው። ሳይንስ ነው ብዬም አልምልልህም። ባዮዳይናሚክ የሚባለውን ይህን ነገር የጀመረው ሩዶልፍ ስታይነር የተባለ ኦስትሪያዊ ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ስምንት ንግግር አደረገ። ራሱ ገበሬ አልነበረም። በእሱ ትምህርት መሠረት እበት የተሞላው ቀንድ የአውሮፓን ብርዳማ ወራት አፈር ውስጥ ይከርማል። ብርዱ ሲያልፍ ይወጣል። ከእበቱ ጥቂቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ይማሰልና ማሳው ላይ ይረጫል።

ኩሌ ደ ሴራን በሎዋር ወንዝ ዳር ያለ 7 ሄክታር ገደማ ተዳፋት ነው። መነኮሳት ወይን የተከሉበት በ1130 እ.ኤ.አ. ነው። የሚበቅለው ሸነን ብላን የሚባለው ዘር ነው። በባዮዳይናሚክ ስሙ እንዲጠራ ያደረገው ኒኮላ ዦሊ ኒውዮርክ የሠራ የባንክ ሰው ነበር፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። አረም ማጥፊያ ብትረጭ ገንዘብ ታተርፋለህ አሉት። ረጨ። እሱ እንደሚለው በሁለት ዓመት የአፈሩ ቀለም ተለወጠ፣ ነፍሳቱም ጠፉ። ከዚያ ነው ወደ ስታይነር የዞረው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. እርሻው በሙሉ በዚሁ መንገድ ገባ። ዛሬ ልጁ ቪርዢኒም አብራው ትሠራለች።

ቀንዱ ከተራ ኮምፖስት የተለየ ነገር እንደሚያመጣ የሚያሳምነኝ ማስረጃ አላየሁም። ግን መርዙን ያቆመ፣ ማሳውን ኮምፖስት ያበላ፣ ተዳፋቱን በፈረስ የሚያርስ ሰው አፈሩ ቢያገግም ምን ይገርማል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ቀንዱ ዋንጫ ይሆናል፤ ጥሩ። እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ይነዳል። ከደሴ ትንሽ ወጣ ስትል በየአጥሩ ተጠፍጥፎ ታየዋለህ። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይቀራሉ፤ እሱንም ደጅ እንደፋዋለን። ከዚያ ዩሪያ ፍለጋ እንሰለፋለን! የምትጠፈጥፈውን እናት አልወቅስም፤ እንጨት ከየት ታምጣ? ግን ቢያንስ አመዱ ማሳ ይግባ። ቀንድ ቀባሪው ሰውዬ ሌላው ቢቀር እበቱን አላቃጠለም።

ስለ መጠጥ ምን አስጻፈህ? እኛ ቤት አይገባም።

ጌታዬ፣ ወይኑን ይተዉት። እበቱን ያንብቡልኝ።

ከኮምቦልቻ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው፣ ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። ድራይ ከሆነ ለበዓል ትንሽ ቢቀምሱስ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ችግሩ ወይኑ ውስጥ ያለው ስኳር አይደለም። ጉበት አልኮሉን ሲያስተናግድ ወደ ደም የሚለቀው ስኳር ይቀንሳል። መድኃኒቱም ስኳር ያወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በተለይ በባዶ ሆድ፣ ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል። ሲንቀጠቀጡና ንግግራቸው ሲዛባ ደግሞ ቤተሰቡ «ሞቅ ብሏቸው ነው» ብሎ ያስተኛቸዋል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳይቀምሱ። ጎረቤት አይደለም፣ እኔም አይደለሁም፤ መድኃኒቱን ያዘዘላቸውን ሐኪም። ከበዓሉ በፊት ሂጂ።

እኔም ኮምቦልቻ ጓሮዬ ላይ ወይን ልትከል?

ይትከሉ። በእኛ አየር ግንዱ እንደ አውሮፓው ረጅም እንቅልፍ ስለማይተኛ በመግረዝ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሻጋታ ያመጣል። ዝርዝሩን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ፍሬ ሲይዝ ግን መረብ ያዘጋጁ፣ ወፍ ይቀድምዎታል።