«አሳዳጊ የበደለው» ለሚሉን ምን እንበል?

ሰላም መምህር፣ ግሩፓችን ላይ የለጠፍከውን ጥያቄ አየሁት። ሐይቅ ከተማ እንደምታስተምር፣ ክፍልህ ውስጥ ፈጽሞ አርፈው የማይቀመጡ ልጆች እንዳሉ፣ ስለ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ለወላጅና ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት እንደፈለጋችሁ ጽፈሃል። «ሰዉ ግን አሳዳጊ የበደለው ነው እያለ ይስቅብናል። ከየት እንጀምር? ብሮሹር እናሳትም ወይ? መቼስ ብናደርገው ይሻላል?» ነው ያልከው።

አብሽር፣ ሁላችንም ላይ ተስቋል። እኔ ደሴ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የበኩር ልጄም ይሄው ችግር አለበት። ከሥራ ባልደረቦቼና ከአንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ሆነን በወላጆች ቀንም፣ በቅሬም (በእድሩ)፣ ቡና ላይም ስናወራ ዓመታት አልፈዋል። ካየሁት ልንገርህ።

ብሮሹሩን ለጊዜው ተወው። የጤና ብሮሹር ገበያ ላይ በርበሬ ሲጠቀለልበት አይቻለሁ። ከእሱ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ አዘጋጅ፦ «እሺ፣ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» እናት ስትሰማ ቆይታ መጨረሻ ላይ የምትጠይቀው ይህንን ነው። መልሱን ሳትይዝ ስለ ችግሩ ብቻ ካወራህላት ስሙን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ትናንት ቀዥቃዣ ይባል የነበረው ልጅ ዛሬ «የአእምሮ በሽተኛ» ሊባል ነው። ጎረቤትም ይሰማል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ግንዛቤ ቢቀር እመርጣለሁ።

ስትናገር ከሚያውቁት ልጅ ጀምር። ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ኳስ ሲያይ የዋለውን። በየሳምንቱ እስክሪብቶ የሚጥለውን። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጮኸውን። ወረፋ የማይሆንለትን፣ ከግንብ ላይ የማይወርደውን። ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ሁሉም ቤት ወይም ጎረቤት አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ስቀው ሲጨርሱ ዋናውን ንገራቸው፦ ይህ ልጅ ፍሬኑ የሚዘገይ መኪና ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ፍሬኑ ነው ቶሎ የማይዘው። ትኩረትንና እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የአእምሮ ክፍል አሠራር ከሌላው ልጅ ይለያል። በዓለም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከ100 ልጆች 5 ገደማ እንዲህ እንደሆኑ ያሳያሉ። 60 ተማሪ ባለው ክፍል 3 ያህል ማለት ነው። መምህራን ይህን ሲሰሙ ወዲያው ዓይናቸው ልጆቹን ይቆጥራል።

«የስልክና የቲክቶክ ዘመን ያመጣው ነው» የሚል አይጠፋም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንዲህ ዓይነት ልጆችን በለንደን ለሐኪሞች የገለጸው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ እኛ ጋ አፄ ምኒልክ ነበሩ። ስኳርም አያመጣውም።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ግን ይሄ ነው፦ «ኳስ ሲያይ ንቅንቅ አይልም እኮ! ሲፈልግ ይችላል፣ ሲያሰኘው ነው የሚያምጸው።» አባቶች በተለይ ይህን ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ኳስ በየሰከንዱ አዲስ ነገር ያመጣል፣ ደስታው እዚያው ነው። የሒሳብ ደብተር ደስታው ሩቅ ነው። የልጁ አእምሮ ደግሞ ሩቅ ላለ ነገር ራሱን ማስነሳት ነው የሚቸገረው። ትኩረት የለውም ማለት አይደለም፤ ወደሚፈለገው ነገር ማዞሩ ነው የሚያቅተው። እኔ ይህን ስናገር «ራስህ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?» ብዬ እጨምራለሁ። ሳቁ ይረዳል።

ዱላን በተመለከተ ብዙ አልልም። የተመታ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ይፈራል፣ ከዚያ መልሶ ይረሳል። ፍርሃት ፍሬን አይሆንም።

አሁን እኛ ወሎ ውስጥ በጣም መጠንቀቅ ያለብን ነገር ላይ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ልጆች ምን እንዳዩ አንተም ታውቃለህ። ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም አልቀረለትም። ተኩስ የሰማ፣ የተፈናቀለ፣ ሰው ያጣ ልጅም ይቅበጠበጣል። እሱም ክፍል ውስጥ ሐሳቡ ይጠፋል፣ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ አይተኛም። ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል፣ የሚያስፈልገው እርዳታ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ወላጅን መጀመሪያ የምጠይቀው «ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር?» ብዬ ነው። ኤዲኤችዲ ድንገት አይመጣም። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ከ6 ወር ያላነሰ የቆየ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ መሆን አለበት። ቤት ጨዋ ሆኖ ክፍል ብቻ የሚረብሽ ከሆነ ምክንያቱን ክፍል ውስጥ ፈልግ።

ጆሮና ዓይንም ይታይ። በደንብ የማይሰማ ልጅ «አይታዘዝም» ሲባል አውቃለሁ። ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና ደም ማነስም ልጅን ያፈዛሉ። እነዚህን ጤና ጣቢያ ማሳየት ይቻላል። «ኤዲኤችዲ ነው» ብለህ የምትፈርደው አንተ አይደለህም፣ እኔም አይደለሁም። የእኛ ድርሻ ያየነውን መጻፍ ነው፦ መቼ፣ የትኛው ትምህርት ላይ፣ ምን ሲሆን። ሐኪም ይህን ወረቀት በጣም ይፈልገዋል።

ሴቶቹን እንዳትረሳብኝ። ግንብ ላይ የሚወጣውን ሁሉም ያየዋል። መጨረሻ ወንበር ላይ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች የምትውለውን ማን አያት? አትረብሽም፣ አትናገርም፣ ደብተሯ ግማሽ ነው። «ደካማ ናት» ይባላል፣ ያልፋል። ቤት ስትገባ ወጡ ያርርባታል፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመለሳለች፣ «ዝርክርክ፣ ማን ያገባታል» ይባላል። ወንዱ ሲያጠፋ ዱላ ነው የሚቀምሰው። እሷ ደግሞ ስለ ራሷ የሚባለውን ሁሉ አምና ታድጋለች። በእኔ ግምት እኛ ዘንድ በብዛት የሚያመልጡን ልጆች እነዚህ ናቸው።

ስለ ልጆች ስታወራ አዋቂዎቹ ራሳቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ተዘጋጅ። አንድ ቅሬ ላይ ንግግራችን ሳያልቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተነስቶ «ይሄ እኮ የኔ ታሪክ ነው» አለ። ሱቅ ተቀጥሮ ረስቶ ሳይቆልፍ ሄዶ ተባረረ፣ እንጨት ሥራ ጀምሮ ተወ፣ ድለላ ሞከረ። ባጃጁ ላይ ግን ረጋ። መንገዱ በየደቂቃው ስለሚቀያየር ነው ብዬ አስባለሁ። ችግሩ በዘር የሚወርድበት መጠን ከፍተኛ ነው። በመንታ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር እንደሚመጣ ይናገራሉ። ሲያድጉ መሮጡ ይቀንሳል። ጀምሮ መተው፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ዕዳ፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ውስጥ ውስጡን አለመረጋጋት ይቀራል። ከ100 አዋቂዎች 2 ወይም 3 ያህሉ እንዲህ ናቸው። አባቱን «አሳዳጊ የበደለው» ያልነው፣ ልጁንም ያንኑ የምንለው ለዚህ ነው።

ጫት ይነሳል፣ ወሎ ነንና። «ስቅም ነው ሰው የምሆነው፣ ሐሳቤ የሚሰበሰበው» የሚል ታገኛለህ። አትሳቅበት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ከዚያው ወገን ናቸው። ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ምርቃናው ሲያልቅ ድብርት አለ፣ እንቅልፍ ይነሳል። ያልተኛ ሰው ነገ ትኩረቱ ከዛሬም ይብሳል። እኔ «ተው» ብዬ አልጮህም፣ ሐኪም ፊት ይህንኑ ሳትደብቅ ተናገር እላለሁ።

ወደ «ነገ ጠዋት» እንመለስ። ክፍል ውስጥ ልጁን ከፊት፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ትእዛዝ አንድ አንድ ብቻ ስጥ፣ ስሙን ጠርተህ፣ ዓይኑን እያየህ። 20 ጥያቄ ከሆነ 5 ሰጥተህ እረም፣ ከዚያ ሌላ 5። ጠመኔ አምጣ በለው፣ ደብተር አስበትነው። መነሳቱ ላይቀር በፈቃድ ይነሳ። ዕረፍቱን ግን በቅጣት አትከልክለው፣ ለእሱ ሩጫ እንጀራ ነው። ደህና ሲሠራ እዚያው አመስግን፣ ለሳምንት አታሳድር። ቁርአን ቤትም የቄስ ትምህርት ቤትም እየተወዛወዙ ጮክ ብለው ሲያነቡ ጎበዝ የሆኑ ቀዥቃዣ ልጆች አይቻለሁ። እኛ የቀለም ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይህን ብንቀዳ አንጎዳም።

ለእናቶች የምነግረው ቡናን ነው። የቤት ሥራውን አቦል እስኪቀዳ ይሥራ፣ ቶና እስኪደርስ ውጭ ይሩጥ፣ ከዚያ ተመልሶ እስከ በረካ ይጨርስ። ሰዓት የሌለው ቤትም ይህን ይችላል። እኔ ቤት እስካሁን የሚሠራው ይሄ ነው።

ጸበሉንና ዱዓውን አትንካ። «መጀመሪያ ሐኪም» ብለህ ከጀመርክ ግማሹ ሰው ይነሳል። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ በል። ማሰርና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ይቅር ማለት አለብህ፣ ቆፍጠን ብለህ። ይህንን ሸሁና ቄሱ ከተናገሩት ካንተ ይልቅ ይሰማሉ። ቅሬው ላይ ሁለቱም ስላሉ አስቀድመህ ቤታቸው ሄደህ አማክራቸው።

ሕክምናው እንዲህ ነው፦ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ከሐይቅ ቅርብ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ከ6 ዓመት በታች ላሉት መጀመሪያ የሚመከረው ለወላጅ የሚሰጥ የአያያዝ ሥልጠና ነው። ከፍ ላሉት ሐኪሙ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ወላጆች ከመመለሳቸው በፊት መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ከሌላ ልጅ ተውሶ መስጠት ፈጽሞ አይሆንም።

ቀኑን ጠይቀሃል። በዓለም ላይ ለዚህ ጉዳይ የተያዘው ወር ኦክቶበር ነው፣ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ይውላል። እኔ መጨረሻውን እመርጣለሁ። መስከረም ላይ ተማሪዎችህን ገና አታውቃቸውም። ከዚያ ካለፈ ደግሞ አዝመራ ይገባል፣ ገበሬ ወላጅ አይመጣም። አርብ ከጁምዓ በኋላ ወይም የሚካኤል ዕለት አድርገው። የመምህራን መከታተያ ወረቀታችንን ፎቶ አንስቼ ዛሬ ማታ እዚሁ ግሩፑ ላይ እለጥፍልሃለሁ፣ አባዝተህ ተጠቀምበት።